ስላይዱን ዝጊውና ለአባትሽ ንገሪው

በዚህ ሳምንት የመረጥሁት ደብዳቤ እንዲህ ይላል።

«ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? የአራተኛ ዓመት የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ሰከላ ውስጥ ገበሬዎች ናቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመመረቂያ ጥናቴን ዲፌንድ አደርጋለሁ። ጥናቱ የግብርና ኖራ በአሲዳማ አፈር ላይ ለተዘራ ገብስ ምን ያህል እንደሚጠቅም ነው፤ በማሰሮ ነው የሞከርሁት፣ ያለ ኖራ፣ በሄክታር 2 ቶን እና 4 ቶን። የተሰጠኝ 15 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ጥያቄ አለ። አምና ክፍል ውስጥ ፕሬዘንት ሳደርግ ስላይዱን እያነበብሁ ነበር፤ መምህሩ ‹ማንበብማ እኛም እንችላለን› ሲለኝ ክፍሉ ሳቀ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንዳልሁ አላስታውስም። አሁን 34 ስላይድ ሠርቻለሁ። ጓደኛዬ ሁሉንም ሸምድጂው ትለኛለች። አንድ ልጅ ደግሞ ከመግባትሽ በፊት ትንሽ ነገር ቅመሺ፣ ፍርሃቱ ይለቅሻል አለኝ። እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አይደለም። ምን ይመክሩኛል? ደግሞ ለዕለቱ ቀሚስ ይሻላል ሱሪ? ታናሽ እኅትዎ፣ ከጎጃም።»

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው 34 የምትለዋ ቁጥር ላይ ነው። ለ15 ደቂቃ 34 ስላይድ! አካፍዬ አየሁት፤ አንዱ 26 ሰከንድ ይደርሰዋል። ድግስ ላይ አንድ ጉርሻ እንኳ ከዚያ የተሻለ ጊዜ ይሰጠዋል።

ቀላሉን ነገር አስቀድሜ ልገላገለው። ጠላም፣ አረቄም፣ ጫትም አይሆንም። ልጁ ፍርሃቱ ይለቅሻል ያለው ምናልባት እውነቱን ነው፣ ግን ፍርሃቱ ሲለቅሽ ያጠናሽውም አብሮ ይለቅሻል፤ ደግሞ ፈታኞቹ አፍንጫ አላቸው።

ሽምደዳው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የተሸመደደ ንግግር እንደ ጨሌ ክር ነው፤ አንዷ ስትበጠስ ሁሉም ይፈሳል። አምና የደረሰብሽን አስቢው እስቲ። መምህሩ የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ አንቺ ግን የያዝሽው ጽሑፍ ብቻ ስለነበር ከጽሑፉ ስትወጪ የምትሄጂበት አጣሽ። ነገሩን ሳታውቂው ቀርተሽ አይደለም። ብትሸመድጂ የምፈቅድልሽ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮችና የመጨረሻውን አንዱን ነው። መጀመሪያው ልብሽ እየደለቀ የምትናገሪው ስለሆነ አፍሽ ብቻውን ሊያደርሰው ይገባል፤ መጨረሻው ደግሞ «እ... በቃ ይኼው ነው» ብለሽ እንዳትወርጂ።

አሁን ላፕቶፑን ዝጊው። የምሬን ነው፣ ለሁለት ቀን አትክፈቺው። ስልክሽን አንሺና ለአባትሽ ደውዪ። «አባየ፣ ዓመቱን ሙሉ ምን ስሠራ እንደከረምሁ ልንገርህ» በዪውና በአምስት ደቂቃ ንገሪው። ትሪትመንት፣ ሪፕሊኬሽን፣ ሲግኒፊካንት የሚሉ ቃላት የሉም። አባትሽ መሬቱ እንደደከመ ያውቃል፤ ማዳበሪያ ጨምሮ ገብሱ ሲቆረቁዝ ያየ ሰው ነው፤ ጎረቤቱ እርሻውን ትቶ ደከረንስ ሲተክል፣ ዛፉን ከሰል አክስሎ ሲሸጥ አይቷል። የማያውቀው ለምን እንደሆነ ነው። እሱን ነው የምትነግሪው።

ደግሞ ዝም ብሎ አይሰማሽም። «ለአንድ ቃዳ ስንት ኩንታል ይገባል?» ይልሻል። አስቢው እንግዲህ፤ አንድ ሄክታር አራት ቃዳ ነው፣ 2 ቶን ማለት 20 ኩንታል ነው፣ ስለዚህ ለቃዳ አምስት ኩንታል፤ በ4 ቶኑ አሥር ኩንታል። «አሥር ኩንታል ማን ተሸክሞ?» ይላል አባትሽ። እሷ ጥያቄ ወርቅ ናት፣ ጻፊያት! ኮት የለበሰው ፈታኝ በእንግሊዝኛ የሚጠይቅሽ እሷኑ ነው፤ ወጪው ገበሬውን ያዋጣዋል ወይ፣ ማጓጓዣውስ? አንቺ መልሱን ከአባትሽ ጋር ተከራክረሽ ትመጫለሽ ማለት ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት በውርደት ነው። ወጣት የግብርና ባለሙያ ሆኜ፣ ዋርካ ሥር ለተሰበሰቡ ገበሬዎች ስለ አፈር አሲዳማነት ላስረዳ ቆምሁ። ትልልቅ ወረቀት ላይ በማርከር የተጻፈ ነገር ነበረኝ። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) ምን እንደሆነ ጀመርሁ፣ ከዚያ የሃይድሮጂን አዮን፣ ከዚያ ዝናብ ካልሲየሙን እንዴት እንደሚያጥበው፤ አርባ ደቂቃ ሄደ። አንድ አዛውንት ቀስ ብለው ተነሡና «ልጄ፣ በሽታውን ደኅና አድርገህ ነገርኸን፤ መድኃኒቱን ግን የት አስቀመጥኸው?» አሉኝ። መድኃኒቱ፣ አሲዱን የሚቀንሰው ኖራ፣ መጨረሻው ወረቀት ላይ ነበር፤ አልደረስሁበትም። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ከሳምንት በኋላ ሳቅሁ።

ስለዚህ መድኃኒቱን ወደ ፊት አምጪው። አብዛኛው ተማሪ ሲቀርብ እንዲህ ነው፤ ርእስ፣ ማውጫ፣ መግቢያ፣ የችግሩ መነሻ፣ ዓላማ፣ ዝርዝር ዓላማ፣ የጥናቱ ጠቀሜታ... ሰዓት የያዘው ሰው «ሁለት ደቂቃ ቀርቷል» ሲል ገና ውጤቱ ጋ አልደረሰም። ያ ሁሉ በወረቀቱ አለ፤ ፈታኙ እጅ ላይ ነው። አንቺ በመጀመሪያው ደቂቃ የተጎዳ አፈር እንዳለ፣ ኖራ እንደሞከርሽ፣ ምን ያህል ለውጥ እንዳየሽ በሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገሪ። ከዚያ ሁሉም «እንዴት አወቅሽ?» ብሎ ይሰማሻል።

የቀረውን እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ። ችግሩን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ያህል። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አፈሩ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ያቆረቁዘዋል፣ ፎስፈረሱም ይታሰራል፣ ለዚህ ነው ገበሬው ማዳበሪያ በትኖ ለውጥ የሚያጣው። ደግሞ ከ5.5 ወደ 4.5 መውረድ አንድ ቁጥር ብትመስልም አሲዱ አሥር እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ ይህን በደንብ ከተናገርሽ የሌላ ትምህርት ክፍል ሰው እንኳ ቀና ይላል። እንዴት እንደሠራሽ፣ ሦስት ደቂቃ። ውጤቱ ስድስት፤ ልብሽን እዚያ ላይ አፍስሺው። ምን ማለት እንደሆነና ለገበሬው ምን እንደሚሆን፣ ሁለት ደቂቃ። አንዷን ደቂቃ ለፕሮጀክተሩ ጠባይ ተያት።

ስላይድ የምትሠሪው ይኼ ሁሉ በአፍሽ ከተስተካከለ በኋላ ነው። አሥር፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት። (በነገራችን ላይ ፓወር ፖይንት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ከዚያ በፊትም ሰው ጥናቱን ያቀርብ ነበር፣ ጭብጨባም ነበር።) ከስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ ቀጥታ የተገለበጠውን ትልቅ ሰንጠረዥ አውጪው፤ ከሦስተኛው ረድፍ ወንበር ጉንዳን ነው የሚመስለው። ሦስት ዓምድ ያለው ግራፍ ይበቃሻል፤ ያለ ኖራ፣ 2 ቶን፣ 4 ቶን። ከላዩ ላይ «ውጤት» ብለሽ አትጻፊ፣ ውጤቱን ራሱን ጻፊው። የፊደሉ መጠን ከ24 አይነስ። ኖራ የገባበትንና ያልገባበትን ማሰሮ ጎን ለጎን ያነሣሽው ፎቶ ካለሽ እሱን ሙሉ ስላይድ አድርጊውና ለአምስት ሰከንድ ዝም በዪ። ዝምታ አትፍሪ። ለአንቺ ዓመት ይመስልሻል እንጂ ለሚያየው ሰው አጭር ናት።

ልምምዱን በተመለከተ፣ ጎጃም ተወልደሽ መምህር ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብሽም። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ የቅኔ ተማሪው ምን ያደርጋል? ለብቻው ጥግ ይዞ ቅኔውን ይቆጥራል፣ በልቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። ግን የቆጠረው ነገር ቅኔ የሚሆነው መምህሩ ፊት ቀርቦ፣ ወረቀት ሳይዝ በአፉ ሲናገረው ነው፤ መምህሩ ይሰብሩታል፣ ያርሙታል፣ ነገ እንደገና። ደግሞ ከመወድስ አይጀምርም። መወድስ ስምንት ቤት ነው። የሚጀምረው በሁለት ቤቷ በጉባኤ ቃና ነው።

አንቺም እንዲሁ። የመጀመሪያው ቀን 15 ደቂቃውን በሙሉ አትለማመጂ። ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ችግሩን የምታስረጂበትን ክፍል፣ ቆመሽ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ፣ ለዶርም ጓደኛሽ ንገሪ። ትረምሽ። በማግስቱ እሷኑ እንደገና ተናግረሽ ውጤቱን ጨምሪበት። በልብ ማንበብ ልምምድ አይደለም፤ ልብ ውስጥ ምላስ አይተሳሰርም። በሁለተኛው ሳምንት ሙሉውን በስልክ ቀድተሽ ስሚው። ራስን መስማት ያሳፍራል፣ አውቃለሁ፣ እኔ የራሴን ድምፅ ስሰማ የማን ፍየል ናት ብያለሁ፤ ቢሆንም «እንትን» እና «ማለት ነው» የምትዪውን ብዛት የሚቆጥርልሽ እሱ ብቻ ነው።

እንግሊዝኛው። ፈታኞችሽም ቢሆኑ እንግሊዝኛን የለመዱት ትምህርት ቤት ነው፤ ቤታቸው አማርኛ ወይ አገውኛ ወይ ኦሮምኛ እያወሩ ያደጉ ናቸው። ከአንቺ የሚፈልጉት የቢቢሲ ጋዜጠኛ አይደለም። ለአባትሽ በአማርኛ ያልሽውን ነገር በአጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ቀይሪው። ረጅም ዓረፍተ ነገር ጀምሮ መሃል ላይ ግሡን ማጣት ነው ሰውን የሚያደናብረው። አፍሽ የሚያሰናክሉሽን አሥር ቃላት ለይተሽ በስልክሽ አጠራራቸውን ስሚ፣ ስትሄጂም ስትመጪም በያቸው። በደቂቃ መቶ ቃል ያህል ከተናገርሽ ይበቃል፤ ቀስ ማለት ያስከብርሻል። ጥያቄ ካልገባሽ «ኩድ ዩ ሪፒት ዘ ኩዌስሽን፣ ፕሊስ» ማለት ነውር የለውም። በጥያቄ ሰዓት ግራ ሲገባ በአማርኛ ማብራራት ይፈቀድ እንደሆነ ደግሞ አድቫይዘርሽን ቀድመሽ ጠይቂ፤ ቦታው ላይ ደርሰሽ አትለምኚ።

አሁን ወደ ዋናው መጣን። ብዙ ተማሪ ለ15 ደቂቃዋ ሦስት ሳምንት ይዘጋጅና ለጥያቄው አንድ ቀን አይሰጥም። ዲፌንስ ግን ጥያቄው ነው! ንግግሩ የበር ማንኳኳት ያህል ነው።

አንድ ማታ ቡና አፍሉና ሦስት አራት ጓደኞችሽን ሰብስቢ። ወረቀትሽን ስጫቸውና ክፉ ፈታኝ እንዲሆኑ ንገሪያቸው። ለምን በማሰሮ? ለምን እርሻ ላይ አልሞከርሽም? ለምን 2 እና 4፣ 3 ለምን አይሆንም? አፈሩን ከየት፣ ከስንት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ወሰድሽ? ስንት ጊዜ ደገምሽው፣ ለምን ያን ያህል? ያየሽው ለውጥ ከኖራው ነው ወይስ ከውኃ አጠጣጥሽ? ሃያ ጥያቄ ከጻፉልሽ፣ በዕለቱ ከሚመጣው አብዛኛው እዚያ ውስጥ ነው።

ስትመልሺ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ስሚ። አታቋርጪ። አጭር ማስታወሻ ያዢ፣ በተለይ ሰውየው አራት ጥያቄ አከታትሎ የሚጠይቅ ዓይነት ከሆነ (ሁሌም አንድ እንዲህ ያለ አለ)። ከዚያ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር መልሺና አቁሚ። ተማሪ የሚሰናከለው መልሱን ከጨረሰ በኋላ በሚጨምራት ነገር ነው፤ ያልተጠየቀውን ያመጣና አዲስ ጥያቄ ይወልዳል።

የጥናትሽን ድካም ራስሽ ቀድመሽ ተናገሪው። ማሰሮ ውስጥ ተዳፋት የለም፣ የሰከላ ክረምት የለም፣ ሥሩም እንደልቡ አይወርድም። «ይህ የማሰሮ ሙከራ ነው፣ እርሻ ላይ መረጋገጥ አለበት» ብለሽ ካስቀመጥሽው ፈታኙ ያንን ይዞ አያሳድድሽም። ያልለካሽውን ሲጠይቁሽ ደግሞ አትገምቺ። «እሱን አልለካሁም፤ ብለካው ኖሮ እንዲህ አደርግ ነበር» በዪ። ይህን ያለ ተማሪ በአንድ ጥያቄ አይወድቅም፤ ቁጥር ፈጥሮ የተናገረ ግን ሲወድቅ አይቻለሁ፣ ቀጣዩ ጥያቄ «ገጽ ስንት ላይ ነው?» ነበር። ያንቺን ቅጂ ዋና ዋና ሰንጠረዦች ያሉባቸው ገጾች ላይ ባለቀለም ወረቀት ለጥፊበት፤ ገጹን ወዲያው ስትገልጪ ሰው ጥናቱ ያንቺ መሆኑን ያያል።

መብራት ይጠፋል። ይህን ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም። ፍላሽ ደግሞ ከመብራት ይብሳል፤ ለኅትመት ቤት ኮምፒውተር አንዴ ከሰጠሽው ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ይመለሳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ፋይሉን በላፕቶፕሽ፣ በሁለት ፍላሽ፣ ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ልከሽ አስቀምጪ። በፒዲኤፍም አድርጊው፤ በግእዝ ፊደል የጻፍሽው ነገር ካለ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ስላይዶቹን በወረቀት አትመሽ ያዢ። ከአንድ ቀን በፊት ክፍሉን ሄደሽ እዪው፤ አንዳንዱ ፕሮጀክተር አሮጌውን ቪጂኤ ገመድ ነው የሚቀበለው፣ ያንቺ ላፕቶፕ ደግሞ ኤችዲኤምአይ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ፓወር ፖይንት ላይ ኤፍ5 ያስጀምርልሻል፣ የእንግሊዝኛዋ ቢ ፊደል ደግሞ ስላይዱን ጥቁር ታደርገዋለች፤ ሰው ግድግዳውን ትቶ አንቺን እንዲያይ ስትፈልጊ ተጠቀሚባት። መብራቱ ከጠፋ «ትንሽ እንጠብቅ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ቀጥዪ ካሉሽ ቀጥዪ። ለአባትሽ በስልክ የነገርሽው ያለ ስላይድ አልነበር?

ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። እኔ ዛሬም ማይክ ስይዝ እጄ ይቀዘቅዛል። ከመነሣትሽ በፊት አየሩን ቀስ ብለሽ አስወጪ፤ ስታስወጪ ከምታስገቢው ረዘም ይበል፣ ልብ ምት ያበርዳል። ጉልበትሽ ከተንቀጠቀጠ ሁለት እርምጃ ተራመጂ። ውኃ ይኑርሽ። ከተሰበሰበው ሰው መካከል ራሱን የሚነቀንቅ አንድ ደግ ሰው ፈልጊ፣ ሁሌም አለ፤ መጀመሪያ ለሱ ተናገሪ፣ ከዚያ ለጎኑ። ሰው ቢስቅም ቆም ብለሽ አብረሽ ፈገግ በዪ፤ የምትመለሺበት ነገር አለሽ፣ የአምናው ዓይነት አይደለም።

ቀሚስ ወይስ ሱሪ? የፈለግሽውን፣ ግን ቀደም ብለሽ የለበስሽውን። ጫማው በተለይ አዲስ አይሁን። አንዲት ተማሪዬ በአዲስ ተረከዝ መጥታ 15 ደቂቃ ሙሉ ያሰበችው ስለ ገብስ ሳይሆን ስለ ትንሿ ጣቷ ነበር። አባትሽ ምን ብሎ እንደጠየቀሽ ግን ጻፊልኝ።